የተረሳው ታኮ

በክሊኒክ ላቦራቶሪ ስለምትሠራ ሰው ሁሉ ላቦራቶሪዋ የሚላት ሴት የግቢውን በር ገፍታ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ከመኪናዋ ሥር የወጡ ሁለት እግሮችን ነበር። ሱሪው ሰማያዊ ቱታ ነው፤ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ሁለት ጊዜ ተጠቅልሏል። ጫማው ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ የባሏ አሮጌ ሸራ ጫማ ነው። ቦርሳዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ ክንዷ ላይ ቀረ። አንደኛው ተረከዝ መሬቱን ቧጠጠና ከመኪናዋ ሥር ድምፅ መጣ።

"አሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ የት ነው የሚቀመጠው?"

የልጇ ድምፅ ነው። ላቦራቶሪዋ ግን ለአፍታ የሰማችው የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

"ውጪ" አለች።

"መቼ ገባሁና? ገና እያየሁ ነው እኮ፣ እማዬ።"

"ሚጣ፣ ውጪ ብዬሻለሁ።"

ሚጣ በጀርባዋ እየተንፏቀቀች ወጣች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ተመርቃለች፣ መንጃ ፈቃድ አውጥታለች፣ ከትናንት በስቲያ ደግሞ የሥራ ውል ፈርማለች። ሚጣ የሚለው የልጅነት ስም ግን እስካሁን አልለቀቃትም። ጉንጯ ላይ ጥቁር ቅባት አለ። ልትስቅ ብላ የእናቷን ፊት ስታይ ተወችው።

"አልተነሳችም እኮ። አራቱም ጎማ መሬት ላይ ነው። ክሪኩን ገና አላወጣሁትም። ታኮ ደግሞ እዪው፣ አድርጌያለሁ።"

ላቦራቶሪዋ አየች። ከኋላ ጎማው ሥር ታኮዋ ተሸጉጣለች፤ በሌላኛው ጎማ ሥር ሁለት ድንጋይ ተደርድሯል፤ ከድንጋዩ ኋላ ለተጨማሪ ጥንቃቄ ተብሎ አንድ ብሎኬት ተጨምሯል። ልጅቷ ያን ሁሉ ያደረገችው በቁጣ እንደሆነ ያስታውቃል።

"የአባትሽን ልብስ ለምን ለበስሽው?"

"ልብሴ እንዳይቆሽሽ" አለች ሚጣ። ውሸት አልነበረም፤ ሙሉው እውነትም አልነበረም።

ባሏ ከሞተ አሥራ አንድ ወሩ ነው። የሞተውም እዚሁ ቦታ፣ በዚችው መኪና ሥር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ዘይት ሊቀይር የመኪናዋን ፊት በክሪክ አንሥቶ ከገባ በኋላ መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራተተችና ክሪኩ ወደቀ። የትራፊክ ፖሊሱ በሪፖርቱ፣ ግቢው ተዳፋት ሆኖ ሳለ ለኋላ ጎማ ታኮ ባለመደረጉ የደረሰ አደጋ ነው ብሎ ጻፈ። ሰፈሩ ደግሞ ሪፖርቱን በራሱ ቋንቋ ተርጉሞ አባዛው፤ ሰውየው ለአንድ ዘይት መቀየሪያ ብሎ ነፍሱን ሰጠ ተባለ። ቁጥብነቱን ትናንት "እንዲህ ነው ቤት የሚመራ" እያሉ ያደነቁ ሰዎች በአንድ ሌሊት ስስታም አደረጉት። የሰው አፍ መቼ ይቸግረዋል።

ላቦራቶሪዋ ሁለቱንም ሰምታለች። ሁለቱም ልክ እንዳልሆኑ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

በዚያ ቤት ታኮ አንድ ናት። ባሏ ከተሰበረ አልጋ እግር ቆርጦ የሠራት፣ በአንድ በኩል የሳሳች እንጨት። የዘወትር ሥራዋ የግቢውን በር ማስደገፍ ነው፤ የቆርቆሮው በር ንፋስ በነካው ቁጥር ከግንቡ ጋር እየተላተመ ጎረቤት ይረብሻል። በዓመት ሁለቴ፣ ዘይት በሚቀየርበት ቀን ብቻ፣ ከበሩ ተነሥታ ጎማ ሥር ትገባለች። ሌላ ታኮ መሥራት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። ግን አንዷ ለሁለቱም ስለበቃች ማንም አላሰበበትም። እንዲያውም ቤተሰቡ "ሁለት ደመወዝ የሚገባት ሠራተኛ" እያለ ይቀልድባት ነበር።

የዚያን ቀን ባሏ ታኮዋን ሸጉጦ፣ መኪናዋን አንሥቶ ሲጨርስ ሻይ ሊጠጣ ወደ ቤት ገባ። ላቦራቶሪዋ ወደ ሥራ ልትወጣ ስትል በሩ ተላተመ። በአንድ እጇ ቦርሳዋን ይዛለች፤ ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል አጣብቃ ከክሊኒኩ ጋር ታወራለች። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ንፋስ ሲነሣ እንደምታደርገው ጎንበስ ብላ ታኮዋን ከነበረችበት አነሣች፣ በሩ ሥር በእግሯ ገፍታ አስገባች፣ ሄደች። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተጠርታ ስትመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ታኮዋ እሷ ያስገባቻት ቦታ ነበረች። ያ ሁሉ ሰው በአጠገቧ ወጣ ገባ ሲል አንድም ሰው አላያትም። ላቦራቶሪዋ አየቻት።

በመጀመሪያው ቀን አፏ አልታዘዝ አላት። በሁለተኛው ቀን ቤቱ በሰው ተሞላ። በሦስተኛው ቀን ታሪኩ ያለ እሷ ተጽፎ አልቆ ነበር። ከዚያ በኋላ ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው፤ የተፈጀው ግን ነገሩ ሳይሆን ሆዷ ነው።

ከዚያ ወዲህ ባሏ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይነግራታል። በሕይወት ሳለ መኪና ሥር ተኝቶ እጁን ብቻ አውጥቶ "አሥራ ሰባት ቁጥር አቀብዪኝ" ይላት ነበር፤ እሷም ልታናድደው ስትፈልግ አሥራ አራት ቁጥሩን ታቀብለዋለች። አሁን ይኸንኑ ዕቃ ስታጥብ ትሰማዋለች፣ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ ትሰማዋለች። አንድ ቀን ክሊኒክ ውስጥ ሳታስበው "መጣሁ" ብላ መለሰች። አብራት የምትሠራው ልጅ ዞር ብላ "ማን ጠራሽ?" ስትላት፣ "ማንም" አለች።

"ጋራዥ ነው የምትሄደው" አለች አሁን፣ ቦርሳዋን ወደ ትከሻዋ እየመለሰች።

"አባዬ ጋራዥ ወስዷት ያውቃል?"

"አባትሽ የለም።"

"ስለሌለ ነዋ እኔ የምሠራው።" ሚጣ እጇን በጨርቅ ጠረገች። "ዓመት ሊሞላው ነው ዘይቱ። ከሰኞ ጀምሮ በየቀኑ ስድሳ ኪሎ ሜትር ነው የምነዳው። ጋራዥ ሄደን ፊልትሮውን ሳይቀይሩት ቀየርን ቢሉን በምን እናውቃለን? አባዬ ምን ይል ነበር? 'ዘይት ሲቀይሩልህ የምታየው ከላይ ሲቀዳ ነው፤ ከታች ያለውን በእምነት ነው የምትቀበለው፤ እኔ ደግሞ እምነቴን ለሌላ ጉዳይ እፈልገዋለሁ።'"

አባባሉን ከነድምፁ ነው የቀዳችው። ላቦራቶሪዋ ፊቷን አዞረች።

"ብሎን እንዴት እንደሚጠብቅ አውቃለሁ፤ በጣም ከተጠበቀ ጥርሱ ይበላል። የፈሰሰውን ዘይት በጣት ማሸት አውቃለሁ፣ ማሽተት አውቃለሁ። ታኮ አድርጌያለሁ። ልብ ብለሽ እዪ፣ ታኮ አድርጌያለሁ።"

"አያለሁ።"

"ታኮ ካለ ምንም አይሆንም። ሰው የሚሞተው ሲረሳ ነው።"

ላቦራቶሪዋ ይህን ለመመለስ አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ነው። "ልብስሽን ቀይሪ። እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ። እዚህ ግቢ ውስጥ ማንም ሰው መኪና ሥር አይገባም፣ እኔ በሕይወት እያለሁ።"

ሚጣ ተከራካሪ ናት፤ ግን እናቷ ዓይኗን ከመኪናዋ ሥር አለማንሣቷን አየች። ቱታውን ልታወልቅ ገባች።

መንገድ ላይ ሚጣ ትነዳለች፤ እናቷ ጎኗ ተቀምጣለች። ላቦራቶሪዋ ከአደጋው በኋላ በዚች መኪና ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነው። ያን ሁሉ ወር መኪናዋን የያዛት የባሏ ታናሽ ወንድም ነበር፤ ባለፈው ሳምንት "በሉ እንግዲህ፣ ሚጣ ሥራ ይዛለች" ብሎ አጥቦና አወልውሎ መልሷታል። በሥራ ያሳለፈችውን ጠዋት ለማሰብ ሞከረች። ዛሬ አንድ ነርስ ስም ያልተጻፈበት የደም ብልቃጥ ይዞ መጥቶ "የማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፣ ተቀበዪኝ" ሲላት አልቀበልም ብላ መልሳዋለች። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ አንድ ደንብ አላት፤ ስህተት በዕለቱ ይጻፋል። ምን ሆነ፣ ማን አደረገው፣ በስንት ሰዓት። የስህተት ቅጹን በራሷ ስም አሥራ አንድ ጊዜ ሞልታለች፤ ዋና ሐኪሙ እንኳ "ላቦራቶሪዋ ራሷን የምትከስ ብቸኛ ሠራተኛ ናት" እያለ ይስቃል። እሷም ቀድሞ አብራ ትስቅ ነበር።

የሚጣ ስልክ ጮኸ። አጎቷ ነው። ስልኩን ድምፁን ከፍታ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠችው።

"የት ናችሁ?"

"ጋራዥ እየሄድን ነው፣ አጎቴ። ዘይት ልናስቀይር።"

"እሰይ፣ እሰይ የኔ ልጅ። እሱ ነው የሚያዋጣው።" ሁለቱም ምን እንደሚከተል ያውቃሉ። "ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ወንድሜ እኮ የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ። እኔ እከፍላለሁ ጋራዥ ውሰዳት ያላልኩት ቀን አለ? ታኮ እንኳ... አንድ እንጨት እንኳ... እንዲህ ያለ ሰው ነበር እንዴ እሱ? አልገባኝም። እስከ ዛሬ አልገባኝም።" ድምፁ ተሰበረ። "በሉ፣ በሰላም ግቡ። እህቴስ፣ ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ" አለች ላቦራቶሪዋ።

ስልኩ ተዘጋ። አሥራ አንድ ወር ሙሉ የወንድሙ ስም ሲነሣ ይህን ሳይል አልፎ አያውቅም። ክፋት የለበትም። ሰው ሐዘኑን የሚይዝበት እጀታ ይፈልጋል፤ የአጎትየው እጀታ ይህ ቁጣ ነው።

"እውነቱን ነው" አለች ሚጣ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ። "ማንም አይልም እንጂ እውነቱን ነው።"

ጋራዡ ደጃፉ በዘይት የጠቆረ ሰፊ አዳራሽ ነው። ባለቤቱን ሁሉም ዶክተር ይለዋል፤ ካቻቢቴውን አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ አድርጎ በሽታ ስለሚያዳምጥ። ስድሳውን አልፏል፣ ወገቡ ጎብጧል፣ መነጽሩ በክር ታስሯል።

"ምን እግር ጣላችሁ?" አለ መኪናዋን ሲያይ፤ ወዲያው ደግሞ ባርኔጣውን አወለቀ። "ይቺን መኪና ከዚህ ቅርበት አይቻት አላውቅም። ነፍሱን ይማረውና፣ ሃያ ዓመት እዚህ ዳማ ሲጫወት ውሎ ይሄዳል፤ እሷን ግን ማዶ አቁሟት ነው የሚመጣው። 'ካስጠጋኋት ትለምድብኛለች' ይለኝ ነበር።"

"የዘይት ነው፣ ጋሼ" አለች ሚጣ። "ፊልትሮም። ሲቀየር አያለሁ፣ ካልከፋዎት።"

"የሱ ልጅ መሆንሽን በምን አውቅ ነበር?" ብሎ ሳቀ። "ነዪ እዪ።"

መኪናዋን መካኒክ ከሥር ሆኖ በሚሠራበት ጉድጓድ ላይ አቆሟት። ዶክተር ደረጃውን ቀስ እያለ ወርዶ ሥሯ ገባ። ሚጣ ጠርዙ ላይ ቁጢጥ አለች። ላቦራቶሪዋ ከአሮጌ መኪና ወንበር የተሠራ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። እዚህ ምንም የሚወድቅ ነገር የለም፤ መኪናዋ በአራት ጎማዋ ኮንክሪት ላይ ቆማለች። ቢሆንም የዶክተርን ራስ ከላይ ማየት አልቻለችም። መሬት መሬቱን አየች።

"አሥራ ሰባት ቁጥር አቀብዪኝ" የሚል ድምፅ ሰማች።

ብድግ አለች። ሚጣ ግን ቀድማ ቁልፉን ከሳጥኑ አንሥታ እያቀበለች ነበር። በእርግጥ ዶክተር ነው የጠየቀው። ላቦራቶሪዋ ማንም እንዳላያት አረጋግጣ ተመልሳ ተቀመጠች። ጥቁሩ ዘይት ሳፋው ላይ ሲወርድ የሚያሰማውን ድምፅ እያዳመጠች ሰከንድ ቆጠረች፤ ደም ሲረጋ እንደምትቆጥረው።

"ይሄ ምንድነው ደግሞ?" አለ ዶክተር ከሥር።

አሮጌውን የዘይት ማጣሪያ ፊልትሮ ፈትቶ በጨርቅ እየጠረገ ወደ ብርሃኑ አዞረው። የፊልትሮው ሆድ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ ነገር አለ፤ የቀን ቁጥርና ከሥሩ የኪሎ ሜትር ቁጥር። ሚጣ ተቀብላው ብዙ አየችው። አባቷ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበር። ዕድሜ ልኩን ከቤት ቤት እየዞረ ቁጥር ሲጽፍ የኖረ ሰው ስለሆነ ቁጥር ሳይጽፍበት የሚተወው ዕቃ አልነበረም። ሰባትን ሲጽፍ ወገቧን በአጭር መስመር ይቆርጣታል።

"የዚያን ቀን ነው" አለች ሚጣ። "የዚያን ቀን የጻፈው ነው። አጎቴ በሳምንቱ ያስገጠመው አባዬ አዘጋጅቶ ያስቀመጠውን ነው።"

ዶክተር እጁን በጨርቁ ጠረገ።

"ገና ሳይገጥመው ቀኑን ጽፎበታል። ኪሎ ሜትሩን ጽፎበታል።" ፊልትሮውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ ሱሪዋ መቆሸሹን አላየችም። "ፊልትሮ ላይ ቀን የሚጽፍ ሰው እንዴት አድርጎ ታኮ ይረሳል?"

"ሰው ነው ልጄ" አለ ዶክተር በለሰለሰ ድምፅ። "አርባ ዓመት ሠርቼ እኔም አንድ ቀን ብሎን ሳላስር መኪና አስረክቤያለሁ። እግዜር ሲያድነኝ በር ላይ ነው የቆመው።"

"መንዳት ሲያስተምረኝ መጀመሪያ ያሳየኝ መሪ አልነበረም። ታኮ ነበር። 'ክሪክ አይታመንም፤ የምታምኚው ታኮ ነው' እያለ። መቶ ጊዜ። እኔን መቶ ጊዜ ነግሮኝ ለራሱ አንድ ጊዜ አላሰበም።" ድምፏ ደረቅ ነው፤ አሥራ አንድ ወር ሙሉ እንዲሁ ደረቅ ነበር። "ሰዎች ለምን አታለቅሽም ይሉኛል። ተናድጄ ነዋ። ስለ እኛ ትንሽ ቢያስብ ኖሮ አይረሳም ነበር። ይቅር አላልኩትም። ሰው አባቱን ይቅር ሳይል መኖር ይችላል? እኔ እየኖርኩ ነው።"

ላቦራቶሪዋ ይህን ሰማች። ሰፈሩ ሲያማው ችላለች፤ አጎትየው ሲወቅሰው ችላለች፤ ለሞተ ሰው ምን ይጎዳዋል ብላ ራሷን አታላለች። ዛሬ ግን ልጅ አባቷን ከልቧ ስታስወጣው አየች። በሩን የዘጋችበት እናቲቱ ናት። ይህን ከማየት ልጇ እሷን ብትጠላት ይሻል ነበር፤ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ታይቷት አያውቅም።

"አልረሳም" አለች።

ሁለቱም ወደ እሷ ዞሩ።

"ታኮዋን አድርጎ ነበር። ያነሣኋት እኔ ነኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ። በሩ ሲላተም አንሥቼ በሩ ሥር አደረግኋት፣ ወደ ሥራ ሄድኩ። እሱ ቤት ውስጥ ነበር። ሲመለስ እንዳለች ነው የመሰለው።"

ዶክተር ከጉድጓዱ ወጣ። ጨርቁን አጠፈ፣ ፈታ፣ እንደገና አጠፈ። "አዲሱን ፊልትሮ ከመደብሩ ላምጣ" ብሎ ሄደ። አዲሱ ፊልትሮ ከነካርቶኑ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ነበር።

ሚጣ ዓይኗን ከፊልትሮው ሳታነሣ ጠየቀች።

"መኪናዋ እንደተነሳች አይተሻል?"

ላቦራቶሪዋ የፈራችው ይህን ጥያቄ ነበር፤ ሌት ተቀን ራሷን የምትጠይቀውም ይህንኑ ነው።

"ኮፈኑ ክፍት መሆኑን አይቻለሁ። ጎማው... አላውቅም፣ ሚጣ። አንዳንድ ቀን ሳስታውሰው የመኪናዋ ፊት ከፍ ብሎ ይታየኛል፤ ያን ጊዜ አይቼ ነው ያነሣኋት ማለት ነው። አንዳንድ ቀን አይታየኝም። የትኛው እውነት እንደሆነ ጠፍቶብኛል።"

"ሰምተሽኛል እኮ" አለች ሚጣ። አሁን ድምፏ መንቀጥቀጥ ጀመረ። "ይሄን ሁሉ ወር ስሰድበው ተቀምጠሽ ሰምተሽኛል። ገበታ ላይ። በልደቱ ቀን። 'ረስቶን ሞተ' ስል ሳህን ታነሺ ነበር።"

"ሰምቼሻለሁ።"

"አንድ ቃል ነበር እኮ።"

"አንድ ቃል ነበር።"

ሚጣ ፊልትሮውን በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ አለችና አለቀሰች። አሥራ አንድ ወር የዘገየ ለቅሶ ስለነበረ ቅጥ አልነበረውም። "አልረሳም" ትላለች፣ "አባዬ አልረሳም"፤ ከዚያ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ያንኑ ትደግማለች። ላቦራቶሪዋ ልትነካት እጇን ዘረጋች። ሚጣ ትከሻዋን ሰበሰበች፤ እጇም ባዶውን ተመለሰ። የሚገባት እንደሆነ ስለምታውቅ ሁለተኛ አልሞከረችም።

ዶክተር ብዙ ቆይቶ መጣ። ሥራውን ዝም ብሎ ጨረሰ፣ አዲሱን ዘይት ቀዳ፣ መለኪያውን አውጥቶ ለሚጣ አሳያት። ሚጣ በቀላ ዓይኗ አይታ ራሷን ነቀነቀች። ሲሸኛቸው ለላቦራቶሪዋ በሩን ከፈተላት። "እግዜር ያጽናሽ" ብቻ አለ። ያን ቃል ከአሥራ አንድ ወር በፊት ከብዙ ሰው ሰምታዋለች፤ ለእሷ የተባለ ሆኖ የተሰማት ግን ዛሬ ነው።

በመልሱ መንገድ ሚጣ ሬዲዮ አልከፈተችም።

"ለአጎቴ አትንገሪው" አለች በመጨረሻ።

ላቦራቶሪዋ ወደ እሷ ዞረች።

"ለማንም አትንገሪ። እኔ ዐወቅሁ፣ ይበቃል። አሁን በጣም ተናድጄብሻለሁ፣ ምናልባት ብዙ ጊዜ እቆይ ይሆናል፤ እሱ የኔና ያንቺ ጉዳይ ነው። አጎቴ ግን አይችለውም። ዘመድ ሁሉ ይነሣብሻል። እንዴት እንደሚያወሩ ታውቂያቸዋለሽ፤ አባዬን ምን እንዳደረጉት አይተሻል።" መሪውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። "ሁለት ወላጅ ለሰው አፍ አልሰጥም። ዶክተር እንደሆነ አይናገርም።"

ላቦራቶሪዋ ይህን ምሕረት አየችው። ልጇ እየጠላቻትም ልትሸፍናት ፈልጋለች። ከተሰጣት ሁሉ ትልቁ ስጦታ ነበር፤ ቀላልም ነበር። አዎ ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ዝም ማለትም ይበቃል፣ እሱን ደግሞ ተክናበታለች። ቤት ገብተው እራት ይበላሉ፤ ሰኞ ሚጣ ሥራ ትሄዳለች፤ አጎትየውም በሚቀጥለው ጊዜ ስልክ ሲደውል ሙት ወቃሽ አያድርገኝና ብሎ ይጀምራል። እሷና ሚጣ እውነቱን እያወቁ አብረው ያዳምጡታል። አሁን ሁለት ሆነው።

መስቀለኛው መንገድ ላይ ደረሱ። በቀኝ ወደ ቤታቸው ነው፤ በግራ ወደ አጎትየው ሰፈር። መብራቱ ቀይ ነበር። ሚጣ የቀኙን ፍሬቻ አበራች፤ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ።

"በግራ እንሂድ" አለች ላቦራቶሪዋ።

"እማዬ።"

"አጎትሽ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነው የሚውለው።"

"ዛሬ? እንዲህ ሆነን?"

"ዛሬ። ካደረ ዝም ማለቱን እንደገና እለምደዋለሁ።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላቸው ያለው መኪና ጥሩንባውን ነካ አደረገ። ሚጣ በዚያን ጊዜ ብቻ፣ ከጋራዡ ከወጡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እናቷን በቀጥታ አየቻት። ከዚያ የቀኙን ፍሬቻ አጠፋችና የግራውን አበራች።